ቤን ሆጋን፤ ልምምዱን ይዞ ሜዳ ለመግባት 16 ዓመት የፈጀበት ሰው

ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ተጨዋች አለ። ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ ላይ ሲያዩት በደካማ እግሩ ሳይቀር ያሻማል፣ ቅጣት ምቱን ከግድግዳው አሳልፎ መረብ ላይ ያሳርፋል። እሁድ ሕዝብ በተሰበሰበበት ግን ያ ሁሉ ይጠፋበትና ወደ ድሮ ልማዱ ይመለሳል። አዲስ አበባ ስታዲየም የተቀመጠም ሆነ ዲላ ላይ ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያይ ደጋፊ ይህን ዓይነቱን ሰው የልምምድ ጀግና ብሎ ይሸኘዋል።

ነገሩ ግን የወኔ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውነት አንዴ የለመደውን ነገር በአዲስ ለመተካት ጊዜ ይፈልጋል። ይህን ለጌዴኦ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። የቡና ችግኝ ተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ ለመልቀም ሦስትና አራት ዓመት መጠበቅ፣ እንሰትን ለዓመታት ተንከባክቦ ማሳደግ እዚያ የኑሮ ሥርዓት ነው። ስፖርት ውስጥ ግን እንዲህ የሚታገስ ብዙ አይገኝም። ይገኝ ከተባለ ደግሞ ቀድሞ የሚነሳው ስም የኳስ ተጨዋች አይደለም፤ የአንድ አሜሪካዊ ጎልፈኛ ነው፤ ቤን ሆጋን።

ለእግር ኳስ ሰው ጎልፍ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ጨዋታው ቀላል ነው፤ በሰፊ ሜዳ ላይ የተበተኑ 18 ጉድጓዶች አሉ፤ ትንሿን ኳስ በዱላ እየመቱ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። በረኛ የለም፣ ተከላካይ የለም፣ ኳሷም ቆማ ትጠብቃለች። ችግሩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ለተበላሸ ምት የሚሳበብበት ሌላ ሰው የለም። ጎልፈኞች ስዊንግ የሚሉት፣ ዱላውን ወደ ኋላ አንስቶ ኳሷ ላይ የመሰንዘር እንቅስቃሴ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ቆሞ ማሰብ አይቻልም። እጅ የለመደውን ያደርጋል። ሆጋን ዕድሜውን የጨረሰው ይህችን ቅጽበት ሲፈታና ሲገጥም ነው።

ጋዜጣ ሻጩ ልጅ

ሆጋን የተወለደው ኦገስት 13 ቀን 1912 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ውስጥ ነው። አባቱ ቼስተር ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቤተሰቡ ኑሮ ይሻለናል ብሎ ፎርት ዎርዝ ወደተባለችው ከተማ ገባ። ብዙም ሳይቆይ በ1922 አባትየው ራሱን በሽጉጥ ገደለ። ቤን ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ለጨዋታ የሚተርፍ ልጅ አልነበረም። ትንሹ ቤን ባቡር ጣቢያ እየሄደ ጋዜጣ መሸጥ ጀመረ።

በ11 ዓመቱ ደግሞ የተሻለ ገንዘብ እንዳለ ሰማ። ግሌን ጋርደን የሚባል የጎልፍ ክለብ ውስጥ የሀብታሞችን የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ ለሚዞር ልጅ በአንድ ዙር 65 ሳንቲም ይከፈላል። እነዚህን ልጆች ካዲ ይሏቸዋል። ሆጋን ካዲ ሆነ። ጨዋታውንም የተማረው የጌቶቹን ምት እያየ ነው።

እዚያው ክለብ ውስጥ ባይረን ኔልሰን የሚባል ሌላ ካዲ ነበር። ሁለቱም በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ ሁለቱም ድሆች ናቸው። በ1927 ለካዲዎች በተዘጋጀው የገና ውድድር እኩል ሆኑና በመለያ ኔልሰን አሸነፈ። ክለቡ የሚሰጠውን የወጣቶች አባልነት ያገኘውም ኔልሰን ነው። ሆጋን ወደ ውጭ ተገፋ። ሁለቱ ልጆች በኋላ የዓለም ታላላቅ ጎልፈኞች ሆነዋል። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነበር፤ ለኔልሰን ጨዋታው ቶሎ ተገለጠለት፤ ሆጋን ግን እያንዳንዷን እርምጃ በላብ መግዛት ነበረበት።

ወደ ግራ የምትሸሸው ኳስ

ሆጋን ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋርጦ በ1930 ገና በ17 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነ። ሰውነቱ ቀጭን፣ ቁመቱ መካከለኛ ነው። ግዙፎቹን ተወዳዳሪዎች በርቀት ለመድረስ ባለ በሌለ ኃይሉ መሰንዘር ነበረበት። ከዚህም የተነሳ አንድ ክፉ በሽታ ተጣባው። የመታት ኳስ ቀጥ ብላ ትሄድና ድንገት ወደ ግራ ትጠመዘዛለች። ቀኝ እግረኛ ተጨዋች በውስጥ እግሩ ቆርጦ ሲመታት እንደምትታጠፈው ማለት ነው። ጎልፈኞች ሁክ ይሉታል። ለቅጣት ምት ያማረ ነው፤ ጎልፍ ሜዳ ላይ ግን ኳሷ ዛፍ ውስጥ፣ አሸዋ ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ ትገባለች።

የሚያናድደው ደግሞ በሽታው ሁልጊዜ አለመታየቱ ነው። ብቻውን ሲለማመድ ያስተካክለዋል። ውድድር ላይ ገንዘብ ሲመጣ፣ ሰው ሲያየው፣ የመጨረሻዎቹ ጉድጓዶች ሲቃረቡ ግን ሁኩ ተመልሶ ይመጣል። ሆጋን ገንዘቡ አልቆበት ከአንድ ጊዜ በላይ ውድድሩን አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመልሷል። የተገኘውን ሥራ እየሠራ ጥቂት ይቋጥርና እንደገና ይወጣል።

በ1935 ቫለሪ ፎክስን አገባ። ባልና ሚስት አሮጌ መኪናቸውን እየነዱ ከከተማ ከተማ ውድድር ፍለጋ ዞሩ። በ1938 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ላይ ኪሳቸው ሊራቆት ጥቂት ሲቀረው ሌባ የመኪናቸውን ጎማ ፈትቶ ወሰደው። ሆጋን በሰው መኪና ተለምኖ ሜዳ ደረሰ። ያን ቀን ቢሸነፍ ምናልባት ይህ ታሪክ እዚያው ያበቃ ነበር። ያገኛት ሽልማት ግን ለሚቀጥለው ውድድር መሄጃ ሆነችለት።

መሬቱን የሚቆፍረው ሰው

በዚያን ዘመን ጎልፈኞች አብዝተው የሚለማመዱ ሰዎች አልነበሩም። ከውድድር በፊት ጥቂት ኳስ መትተው እጃቸውን ያሟሙቃሉ፣ ሲጨርሱ ወደ መዝናኛው ይገባሉ። ሆጋን ይህን ልማድ ገለበጠው። ጨዋታ ሲያበቃ ሌሎቹ ወደ ቤት ሲሄዱ እርሱ ኳሶቹን ይዞ ወደ ልምምድ ቦታ ይወርዳል፤ እስኪጨልም ይመታል። የእጁ ቆዳ ይላጣል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይላጣል።

ብዙ መምታት ብቻውን ግን መድኃኒት አይሆንም። ስህተትን ሺህ ጊዜ የደገመ ሰው ስህተቱን ነው የሚያጠነክረው። የሆጋን ልምምድ የተለየው በአሠራሩ ነበር። ካዲው ራቅ ብሎ ቦርሳ ይዞ ይቆማል፤ ሆጋንም ኳሷን እርሱ ወዳለበት ይልካል። እያንዳንዷ ኳስ ኢላማ ነበራት። ከአጭሩ ዱላ ጀምሮ ወደ ረዥሙ ይሸጋገራል። አንዷን መትቶ ሌላዋን ከመምታቱ በፊት ቆም ይላል፣ ያስባል። ኳስ ደርድሮ መጠለዝ የሚባለውን ነገር አያውቀውም። ልምምድ ላይ የሚመታትን እያንዳንዷን ኳስ የውድድር ኳስ አድርጎ ይመታል፤ ውድድር ሲመጣም የሚጨመር አዲስ ነገር አይኖርም።

በዚህ መሐል ሄንሪ ፒካርድ የተባለ የሙያ ጓደኛው የግራ እጁን የዱላ አያያዝ እንዲያላላ ረዳው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ለዓመታት በአንድ አያያዝ የኖረ ሰው ግን ጣቱን በትንሹ እንኳ ሲያዞር ዱላው የሌላ ሰው ዱላ ይሆንበታል። መጀመሪያ ላይ ከድሮው ይብሳል። ብዙ ስፖርተኛ ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ጉድለት ቢያንስ የታወቀ ጉድለት ነውና።

ሆጋን አልተመለሰም። ማርች 1940 ፓይንኸርስት በሚባለው ሥፍራ ፕሮፌሽናል ከሆነ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ ለብቻው የመጀመሪያውን ድል አገኘ። ከዚያማ የተዘጋው ቦይ ተከፈተ፤ ሳይውል ሳያድር ሁለት ተከታታይ ውድድሮችን ደገመ። በ1940፣ በ1941ና በ1942 ብዙ የሽልማት ገንዘብ በመሰብሰብ ከአገሩ ጎልፈኞች አንደኛ ሆነ። ከዚያም ጦርነቱ መጣና የአየር ኃይል ዩኒፎርም ለበሰ።

ሌሊት የመጣው መፍትሔ

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ሆጋን 13 ውድድሮችን አሸነፈ። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነውን ፒጂኤንም የወሰደው በዚያ ዓመት ነው። ያም ሆኖ አልረካም። በዚያው ዓመት ማስተርስንና ዩኤስ ኦፕንን በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ በአንድ በአንድ ምት አጥቷቸዋል። ሁኩም ቢሆን አልሞተም፤ አድብቶ ነበር። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ጠላት ደግሞ ሁልጊዜ ከሚታይ ጠላት ይከፋል።

በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ውድድሩን ትቶ ቤቱ ገብቶ ሲያወጣና ሲያወርድ መላው የመጣለት ሌሊት አልጋው ላይ ሳለ ነው። የግራ አውራ ጣቱን በመጠኑ አዛወረ፤ ዱላው ላይ ሲደርስ የግራ እጁን አንጓ ወደ ኋላ ሰበር አደረገው። በቃ። ከውጭ ለሚያይ ሰው የማይታወቅ ለውጥ ነው። ውጤቱ ግን ኳሷ ፈጽሞ ወደ ግራ እንዳትሸሽ ማድረግ ሆነ። አሁን ኳሷ ከፍ ብላ ትሄድና መጨረሻዋ ላይ በስሱ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ጎልፈኞች ፌድ የሚሉት ነው፤ በውጭ እግር እንደተመታች ኳስ ማለት ነው። ጥቂት ርቀት ቀነሰች። በምትኩ ሆጋን ግማሹን ሜዳ ከሐሳቡ አወጣው። በግራ በኩል ያለው አደጋ ሁሉ ለእርሱ የሌለ ያህል ሆነ።

ይህ ሲሆን 34 ዓመቱ ነበር። ፕሮፌሽናል ከሆነ 16 ዓመት አልፎታል።

በ1948 ፒጂኤን ደገመ፤ ሎስ አንጀለስ ሪቪየራ ላይ ዩኤስ ኦፕንን በ276 ምት ሲያሸንፍ የውድድሩን የቀድሞ ሪከርድ በአምስት ምት አሻሻለ። ጃንዋሪ 1949 ታይም መጽሔት በሽፋኑ ላይ አወጣው። የተተከለው ፍሬ የያዘ መሰለ።

ጭጋጉና አውቶቡሱ

ከዲላ ይርጋጨፌን አልፎ ወደ ሞያሌ በጠዋት የተጓዘ ሰው ጭጋግ መንገድ ላይ ሲተኛ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1949 ሆጋንና ቫለሪ በምዕራብ ቴክሳስ እንዲሁ ያለ ጭጋግ ውስጥ ወደ ቤታቸው እየነዱ ነበር። ቫን ሆርን አጠገብ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ከባድ መኪና ቀድሞ ለማለፍ የወጣ የግሬይሀውንድ አውቶቡስ ፊት ለፊት መጣባቸው። መሸሻ የለም። ሆጋን መሪውን ለቆ ሚስቱ ላይ ተደፋ። ሊያድናት ነበር፤ ራሱንም አዳነ። መሪው የተተከለበት ብረት ሹፌሩ የሚቀመጥበትን ወንበር ወግቶ አልፏል።

ዳሌው ሁለት ቦታ ተሰበረ። የትከሻ አጥንቱ፣ የግራ ቁርጭምጭሚቱ፣ የጎን አጥንቱ ተጎዱ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የረጋ ደም ወደ ሳንባው ማለፍ ሲጀምር ሞት ተቃረበ። ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከኒው ኦርሊንስ በወታደር አውሮፕላን መጥቶ ከታችኛው ሰውነት ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር አሰረው። ሕይወቱ ተረፈ። እግሮቹ ግን ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ እንደማበጥና እንደማመም ቀሩ። 59 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ሌላ ስም ያስታውሳል። አበበ ቢቂላ በ1969 መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኗል። አበበ እንደ ሆጋን ተነስቶ መራመድ አልቻለም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወር ተለማመደና በ1970 እንግሊዝ ውስጥ በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። ሁለቱንም አንድ የሚያደርጋቸው የሰበረው አካላቸውን እንጂ የልምምድ ልማዳቸውን አለመሆኑ ነው።

ሆጋን መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ክፍሉን ዞረ። ቀጥሎ በረንዳውን፣ ቀጥሎ መንደሩን። ዱላ አንስቶ ሙሉ በሙሉ መሰንዘር የቻለው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። እግሮቹ የድሮ እግሮች አይደሉም፤ ስለዚህ ስዊንጉንም ከአዲሱ አካሉ ጋር እንደገና ማስማማት ነበረበት። ጃንዋሪ 1950 ሎስ አንጀለስ ላይ ተወዳደረ። ሳም ስኒድ ከሚባለው ታላቅ ተጨዋች ጋር እኩል ጨርሶ በመለያ ተሸነፈ። ሕዝቡ ግን ማን እንደተመለሰ አየ።

ሜሪየን፣ ጁን 1950

እውነተኛው ፈተና የመጣው ፊላደልፊያ አጠገብ ባለው ሜሪየን ሜዳ ላይ በተደረገው ዩኤስ ኦፕን ነው። በዚያን ጊዜ ሥርዓት የመጨረሻው ቀን 36 ጉድጓድ፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ዙር በእግር መዞር ይጠይቃል። እግሮቹ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን በፋሻ ተጠቅልለው ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ ላይ ሊወድቅ ሲል ሰው ደግፎታል። ይዞት የነበረው ብልጫ አንድ በአንድ ተሸረሸረ። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ጋር እኩል ለመሆን በአራት ምት መጨረስ ነበረበት።

ሁለተኛው ምት ከ180 ሜትር በላይ የሚርቅ ነበር። የመረጠው ዱላ ባለ አንድ ቁጥሩን ብረት ነው፤ ከሁሉም ዱላ ለመምታት አስቸጋሪው። ደክሞታል፣ ያመዋል፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ዙሪያውን ከቦታል። አሮጌው ሁክ ሊመጣ የሚችልበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነበር። አልመጣም። ኳሷ በቀጥታ ሄዳ ጉድጓዱ ያለበት ሣር ላይ አረፈች። ያንን ምት ከኋላው ሆኖ ያነሳው የሃይ ፔስኪን ፎቶግራፍ ዛሬም ከጎልፍ ፎቶዎች ሁሉ ታዋቂው ነው። በማግስቱ በተደረገው መለያ ሆጋን 69፣ ሎይድ ማንግረም 73፣ ጆርጅ ፋዚዮ 75 መቱ። አደጋው ከደረሰ 16 ወር ነበር።

ትንሿ ኳስ በስኮትላንድ

በ1951 ማስተርስንና ዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ። በ1953 ሁለቱንም ደገመና ወደ ስኮትላንድ ካርኑስቲ ተሻገረ። ብሪቲሽ ኦፕንን በሕይወቱ የተጫወተው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እዚያ ሁሉ ነገር ሌላ ነበር። መሬቱ ደረቅና ጠንካራ፣ ነፋሱ ከባሕር የሚመጣ፣ ኳሷም ከአሜሪካው አነስ ያለች ናት፤ ዲያሜትሯ 41 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የአሜሪካው ወደ 43 ይጠጋ ነበር።

ሆጋን ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ደረሰ። በትንሿ ኳስ ተለማመደ፤ ማታ ማታ ሜዳውን በእግሩ እየዞረ አጠና። ከዚያም በአራቱ ዙሮች 73፣ 71፣ 70፣ 68 መታ። በየቀኑ እየተሻሻለ ሄዶ በአራት ምት ብልጫ አሸነፈ። ስኮትላንዶች ትንሹ የበረዶ ሰው የሚል ስም አወጡለት። ኒው ዮርክ ሲመለስ ሕዝብ ጎዳና ላይ ወጥቶ ወረቀት እየበተነ ተቀበለው። በአንድ ዓመት ሦስት ታላላቅ ውድድር ማለት ነው። አራተኛው ፒጂኤ ቀኑ ከብሪቲሽ ኦፕን ጋር ስለተጋጨ አልተሳተፈበትም።

ያልተፈታው ቋጠሮ

የሆጋን ታሪክ ግን በድል ብቻ የተሞላ አይደለም። ከ1953 በኋላ አንድም ታላቅ ውድድር አላሸነፈም። በ1955 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አምስተኛውን ዩኤስ ኦፕን እጁ ያስገባ ሲመስል ብዙም የማይታወቀው ጃክ ፍሌክ ደረሰበትና በመለያ ነጠቀው። የሚገርመው ፍሌክ የተጫወተው ሆጋን ባቋቋመው ፋብሪካ በተሠሩ ዱላዎች ነው። ያው ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ምርት ጥራቱ አላስደስት ስላለው ሆጋን 100 ሺህ ዶላር ገደማ የሚገመት ዕቃ እንዲጣል አድርጓል። አንድ ዱላ እንኳ ስህተት ይዞ እንዲወጣ አይፈልግም ነበር።

ትልቁ ሽንፈቱ ግን በሌላ ሰው የመጣ አይደለም። በረዥሙ ምት ላይ ያንን ሁሉ ዓመት ታግሎ ያሸነፈ ሰው፣ በኋለኛው ዘመኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለችውን አጭር ኳስ መግፋት አቃተው። ዱላውን ይዞ ኳሷ ላይ ይቆማል፤ እጁ ግን አልንቀሳቀስ ይለዋል። ሁኩን ያዳነው ዘዴ ይህን አላዳነም። አንዱን ችግር ሜዳ ላይ መፍታት ሌላውን እንደማይፈታ ያየ ሰው ነው።

የተማረውን ግን ደብቆ አልሞተም። በ1955 የእጅ አንጓውን ምስጢር ላይፍ መጽሔት ላይ ገለጠ። በ1957 ከኸርበርት ዋረን ዊንድ ጋር ያዘጋጀው አምስት ትምህርቶች የያዘው መጽሐፉ ወጣ፤ ዛሬም የጎልፍ ተማሪ ሁሉ እጅ ላይ አይጠፋም። በ1967 ማስተርስ ላይ በ54 ዓመቱ ሦስተኛውን ዙር በ66 ሲጨርስ ተመልካቹ ቆሞ እያጨበጨበ ሸኘው።

በአጠቃላይ 64 የፒጂኤ ቱር ድሎችና ዘጠኝ ታላላቅ ዋንጫዎች አሉት። ከውድድር ከወጣ በኋላም ፎርት ዎርዝ በሚገኘው ሼዲ ኦክስ ክለብ ብቻውን አንድ ጥግ ይዞ ኳስ ሲመታ ይታይ ነበር። የሚያሸንፈው ሰው፣ የሚያገኘው ገንዘብ አልነበረም። ጁላይ 25 ቀን 1997 በ84 ዓመቱ አረፈ።

በሚቀጥለው እሁድ ልምምድ ላይ የሠራውን ሜዳ ላይ ያጣው ተጨዋች ሲወጣ ደጋፊው መጮሁ አይቀርም። ሆጋንም በ1930ዎቹ ሲወጣ ያጨበጨበለት አልነበረም። ልዩነቱ በማግስቱ ሰኞ ጠዋት የት እንደተገኘ ነው።